እትዬ አስካለና የተዋስኩት ስም

እትዬ አስካለ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ጅማ፣ በቾ ቦሬ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ዜናውን የነገረችኝ አብራኝ የተማረችው ጫልቱ ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ «እትዬ…» አለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነስቼ ደረስኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወንጌላውያን መካነ መቃብር፣ በካፊያ ውስጥ አፈር አለበስናቸው። ባል አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም። ሳጥናቸውን የተሸከሙት ሰዎች ግን ሁሉም ሽበታቸው የወጣ፣ ሁሉም «እትዬ» እያሉ የሚያለቅሱ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ይልቁንም በደርግ ዘመን፣ ትምህርት ቤት በተደረገው በዚያ አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ ላስተማሯችሁ። ሰኞ ሰኞ በር ላይ ቆመው ጥፍራችንን ይቆርጡልን ነበር። ጭርት ለያዘው ልጅ ቅባት ከኪሳቸው አይጠፋም። ዱላ ይዘው ክፍል ሲገቡ ያየ የለም። የሚያጠፋ ልጅ ካለ አጠገቡ ሄደው ይቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል። ልጁ ከዱላው ይልቅ ያቺን ጥያቄ ይፈራል።

ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት አንድ ነገር አለ፤ በሕይወት ሳሉ እንድጽፈው አልፈቀዱልኝም። «እኔ ስሞት የፈለግሽውን ጻፊ፤ አሁን ግን ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እንዲያመሰግነኝ አልፈልግም» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ እስከዛሬ ጠብቄአለሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል መዝገብ ላይ ግን ሰናይት የምትባል ልጅ አታገኙም። እኔ ሁለቱን ዓመት የተማርኩት ዘቢባ በምትባል በሞተች ልጅ ስም ነው።

የተወለድኩት ሸቤ ነው። አባቴ የግብርና ሠራተኛ፣ እናቴ አስተማሪ ነበሩ። አሰሳው በበረታበት ዓመት አባቴን ከቢሮው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴን ሊወስዱ መጡ። እሷ ግን ወሬው ቀድሞ ደርሷት ከቤት ወጥታ ነበር። ከመሄዷ በፊት ጅማ ለሚሄድ የቡና መኪና ሾፌር እኔን አደራ ሰጠችው። ከቀሚሴ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አንድ ወረቀት አያያዘችልኝ። ወረቀቱ በመምህራን ማሠልጠኛ አብራት ለተማረች ጓደኛዋ የተጻፈ ነበር። ጓደኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና እሳት ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ትልቅ ሰው አነጋገሩኝ። «እናትሽን የሚፈልጉ ሰዎች አንቺንም ይፈልጋሉ። አንቺን ከያዙ እሷ ራሷ ትመጣለች ብለው ነው የሚያስቡት። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ማንም ሊያገኝሽ አይገባም፤ ገባሽ?»

ገብቶኛል አልኩ። አልገባኝም ነበር።

እሳቸው ቤት መኖር አልችልም። ከከምባታ የመጡ ጴንጤ ስለነበሩ ሰው ለጸሎት ይሰበሰብበታል እየተባለ ቤታቸው በየጊዜው ይፈተሻል። ሰፈር ውስጥ የገባ አዲስ ሰው ሁሉ ቀበሌ መመዝገብ አለበት። ትምህርት ቤት ለመግባት ደግሞ ከቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛ ያስፈልጋል፤ የእኔ መሸኛ ላይ የእናቴ ስም አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ቤት ውስጥ ብትውልም ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን እጄን ይዘው ከቤታቸው ብዙም ወደማይርቅ አንድ የጭቃ ቤት ወሰዱኝ። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው፣ ሄርማታ ገበያ ኮረሪማ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ በኦሮምኛው ልማድ በልጃቸው ስም «ሀዳ ዘቢባ» ይላቸዋል፤ የዘቢባ እናት ማለት ነው። ዘቢባ ብቸኛ ልጃቸው ነበረች፤ የእትዬ አስካለ ተማሪ። በዚያ ክረምት አያቷን ልትጠይቅ አጋሮ ሄዳ ወባ ያዛት። በአራት ቀን ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። እናቲቱ የደረሱት ከተቀበረች በኋላ ነበር።

እኔ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ጀመሩ።

«ሀዳ ዘቢባ፣ የመጣሁት ከባድ ነገር ልለምን ነው። ካልፈለጉ አሁኑኑ ያስወጡኝ፤ አልቀየምም።»

«ይበሉ» አሉ ሀዳ ዘቢባ።

«የዘቢባን ስም ቀበሌ ሄደው አላሰረዙም አይደል?»

«እግሬ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።»

«አያሰርዙት። ለዚች ልጅ ያውሱልኝ።»

ሀዳ ዘቢባ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

«የማን ናት?»

«ባያውቁ ይሻላል።»

«ዕድሜዋስ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ» ብለው ደገሙት። ከዚያ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። መቅረታቸው ሲረዝም እትዬ ያዘኑባቸው መስሏቸው እጄን ይዘው ሊወጡ ተነሱ። ሀዳ ዘቢባ ግን ሰማያዊ የደንብ ልብስ ይዘው ተመለሱ። ፊቴ ተንበርክከው ቀሚሱን ትከሻዬ ላይ ለኩት።

«ይሰፋታል» አሉ። «አጠብብላታለሁ።»

ትምህርት ሲከፈት በዚያ ቀሚስ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ ሄድኩ። ክፍላችን ከጣሪያው ሥር ትናንሽ መስኮቶች ያሉት፣ ግድግዳው ሁሉ የደረቀ ቡና ገለባ የሚሸት ነበር። እትዬ መዝገቡን ከፍተው ስም መጥራት ጀመሩ። የተጠራው ልጅ ተነስቶ «አቤት» ይላል፤ እሳቸው በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። እንደዚያ እያሉ መጡና «ዘቢባ» አሉ።

ተነስቼ «አቤት» አልኩ።

ሃምሳው ልጅ ዞሮ አየኝ። የሳቀ የለም፤ ያጉረመረመም የለም። አንዳንዶቹ እኮ ከአንድ ወር በፊት ለቅሶ ቤቱ መጥተው ነበር። እትዬ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «ዘቢባ ታማ ነበር፤ አሁን መጥታለች። ማንም ቢጠይቃችሁ የምታውቁት ይህን ብቻ ነው» አሏቸው። ቀጣዩን ስም ጠሩ።

ለቅሶ የደረሱት ጎረቤቶች ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው፣ ለሀዳ ዘቢባ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። ልጆቹ ግን የገባቸው በሌላ መንገድ ነው። ዘቢባ ሞታለች፤ እትዬ ደግሞ አይዋሹም። ስለዚህ ዘቢባ ሌላ ፊት ለብሳ ተመልሳለች አሉ። ቧንቧው ጋ ከእኔ ቀጥሎ የሚጠጣ ልጅ ጠፋ። ሱዚ ስንዘል ገመዱን ይዘው ይሰጡኛል እንጂ ከእኔ ጋር አይዘሉም። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ ጓደኞቿ ገፍተው ልከዋት መጣች። ከሁለት ክንድ ርቃ ቆማ «እዚያ ሥር ይበርዳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ወደ ጓደኞቿ ሮጣ «ረስታዋለች» አለቻቸው።

ሀዳ ዘቢባ በየማለዳው ገበያ ከመሄዳቸው በፊት በክፍላችን ጀርባ ባለው የባሕር ዛፍ አጥር በኩል ይመጡ ነበር። አይገቡም፣ ሰው አያናግሩም። የኮረሪማ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ስም ጥሪው እስኪደርስ ይጠብቃሉ። እትዬ «ዘቢባ» ሲሉ ሰምተው ቅርጫታቸውን ያነሳሉ። እኔ የምሰጠውን መልስ ይሰሙ እንደሆነ አላውቅም። እትዬ ግን መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ያችን ስም ሁልጊዜ ከሌሎቹ ጮክ አድርገው ይጠሯት ነበር።

ቤት ውስጥ ደጎች ነበሩ። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከምግብ በፊት «ቢስሚላህ» ማለትን አስተማሩኝ። ሁለት ነን፤ ዳቦውን ግን ሦስት ቦታ ይቆርሱታል። ሦስተኛው ቁራሽ ሳህን ላይ ይቀርና ጠዋት አይኖርም። የምተኛው ዘቢባ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ነው። የሣር ፍራሹ መሐሉ ሰርጎድ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ያ ስርጉድ አልመች ብሎኝ ጠርዝ ላይ ተጣብቄ እተኛ ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ስነቃ ራሴን መሐሉ ላይ አገኘው ጀመር፤ ትከሻዬ ልክክ ብሎ።

የምጽፈው እሷ ባልጨረሰችው ደብተር ላይ ነበር። ገዝቶ የሚሰጠኝ ስለጠፋ አይደለም፤ ካድሬ ቢያየው ደብተሩ የአንድ ልጅ መምሰል ስላለበት ነው። የፊተኛው ግማሽ የእሷ፣ የኋለኛው የእኔ ጽሑፍ ነው። አንድ ቀን እትዬ ደብተሬን እያረሙ ድንገት ቆሙ። ወደ ፊት ገለጡ፣ ወደ ኋላ ገለጡ። «ይህን ‹ለ› እንዲህ መጻፍ የጀመርሽው መቼ ነው?» አሉኝ። አየሁት። የእኔ «ለ» ቀጥ ያለ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ያለው ግን እንደ ዘቢባ «ለ» አንድ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል። መቼ እንደተለወጠ አላውቅም። እሳቸው ደብተሩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው አዲስ ሰጡኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ሊያጥቡ ይጠሩኝ ጀመር። ውሃውን አሙቀው፣ በሩን ዘግተው፣ ራሴን ሳፋው ላይ ደፍተው ያጥቡኛል። እያጠቡም ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው «ሰናይት» ይላሉ።

«አቤት።»

«የት ተወለድሽ?»

«ሸቤ።»

«የእናትሽ ስም ማነው?»

እነግራቸዋለሁ። እንደገና «ሰናይት» ይላሉ። ውሃው እስኪያልቅ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይጠሩኛል። በመጨረሻ ፀጉሬን ጠቅልለው «ስምሽን እኔ ይዤልሻለሁ። እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ አልጠፋም። እዚህ በር ላይ ግን ትተሽው ውጪ» ይሉኛል። የዚያን ዘመን ደግነት ሳስብ ትዝ የሚለኝ ያ የሞቀ ውሃና ያ ድምፅ ነው።

በዓመቱ መሐል፣ ጥር ላይ፣ ወባ ያዘኝ። ሀዳ ዘቢባ ገበያቸውን ዘግተው ከእግሬ ሥር ተቀመጡ። አልተነሱም። የመጀመሪያዋን ሲያማት አልነበሩም፤ እኔን ለአፍታ እንኳ ሊለቁኝ አልፈለጉም። ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ እናቴን በስሟ እየጠራሁ እለፈልፍ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቀበሌው ካድሬ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ክፍላችን መጣ። እኔ አልነበርኩም። እትዬ ከጡረታ በኋላ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

«ጓድ መምህርት» አላቸው፤ «ከሸቤ የመጣች ልጅ በሌላ ልጅ ስም እዚህ ክፍል ትማራለች የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

«እንደዚያ ያለች ልጅ በመዝገቤ የለችም።»

«እንግዲያው ከመዝገቡ ስም ይጥሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ይመልስ። የቀረ ካለ አሁኑኑ ቤቱ እንሄዳለን።»

እትዬ ከዚያ የባሰ ቀን አላየሁም ይሉ ነበር። እኔ እንደቀረሁ ያውቃሉ። ቤት ሄደው ቢያገኙኝ አፌ ራሱ እንደሚያጋልጠኝም ያውቃሉ። ስሜን ዘለው እንዳያልፉ ካድሬው አጠገባቸው ቆሞ በጣቱ መዝገቡን እየተከተለ ነው። ከእኔ በፊት ያሉትን ጠርተው እኔ ጋ ሲደርሱ ሊያዘገዩት የሚችሉት ነገር አልነበረም።

«ዘቢባ» አሉ።

ዝም። ከዚያ ከበስተኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ «አቤት እትዬ» አለ።

ምልክቱን አደረጉ። ቀና ብለው አላዩም፤ ካድሬውም ከመዝገቡ ላይ ዓይኑን አላነሳም። የቀሩትን ስሞች ጠርተው ጨረሱ። ካድሬው «መልካም» ብሎ ወጣ፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ።

«ማን ነበር?» አልኳቸው።

«ልጆቹን አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ነገር ገርፈውም አያወጡብኝም ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ ዘገየሁ።» ሻይ ቀዱልኝ። «ሃምሳ ልጅ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ጎበዝ ነበር። እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን ልጆቹ ሁሉ ‹አቤት› ብቻ ነበር የሚሉት። ‹አቤት እትዬ› የምትለኝ ዘቢባ ብቻ ነበረች፤ የፊተኛዋ። አንቺ እንኳ እንደዚያ ብለሽ አታውቂም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ወደ ቤታችን መጡ። ይህን እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ፤ ትኩሳቱ ጋብ ብሎልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ተኝቼ ነበር። በሹክሹክታ የሆነውን ነገሯቸውና «እርስዎ ነዎት አይደል? አጥሩ ጋ ሆነው የመለሱት?» አሏቸው።

«ዛሬ አጥሩ ጋ አልመጣሁም» አሉ ሀዳ ዘቢባ። «ከዚህ ከእግሯ ሥር አልተነሳሁም።»

ከዚያ ሀዳ ዘቢባ፣ ሰው ስለ ጎረቤቱ ልጅ እንደሚያወራ በረጋ ድምፅ «ኢሼዳ» አሉ። እሷ ናታ ማለታቸው ነው። ተነስተው እንስራቸውን ይዘው ውሃ ሊቀዱ ወጡ። እትዬ እዚያው እንደቆሙ ቀሩ፤ ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር።

ካድሬው ተመልሶ አልመጣም። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ተባለ።

እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣች። ከፋ ውስጥ ከአንድ የቡና ገበሬ ቤት በሠራተኛነት ተደብቃ ቆይታ፣ ነገሩ ሲበርድ እጇን ሰጥታ፣ ጥቂት ወር ታስራ ተፈትታ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ «ሰናይት» ብላ ጠራችኝ። አጠገቧ አለፍኩ። እንደገና ጠራችኝ፤ አልዞርኩም። እትዬ ሮጠው መጥተው፣ ትከሻዬን ይዘው ጆሮዬ ላይ እንደ ቅዳሜው «ሰናይት» ሲሉኝ ነው ማን እንደተጠራ የገባኝ።

እናቴ ሀዳ ዘቢባን ለማመስገን እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ሀዳ ዘቢባ ቀድመው ያዟት። ምሳ በላን። ያን ቀን ዳቦውን አራት ቦታ ቆረሱት። ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ልንወጣ ስንል ሀዳ ዘቢባ ወደ እትዬ ዞረው ጠየቁ።

«አሁን መዝገቡ ላይ ምን ይላሉ?»

እትዬ ይህን ሲያስቡ እንደሰነበቱ ያስታውቅ ነበር። «‹ተዛውራለች› ብዬ ጽፌአለሁ።»

«ወዴት?»

«እሱን ባዶ ተውኩት።»

ሀዳ ዘቢባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረጉ። የሞት ቃል አይጻፉባት» አሉ። ከዚያ እኔን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ስንሄድ በር ላይ አልወጡም።

ሀዳ ዘቢባ እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ እየመጣሁ እጠይቃቸው ነበር፤ የማድረው ግን እትዬ ቤት ነው። እትዬ በተለይ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሀዳ ዘቢባን በየቀኑ ሄደው ያዩዋቸው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሚዞሩ ጴንጤ፣ ለአንዲት ሙስሊም ባልቴት የውዱእ ውሃ ሲያሞቁላቸው ያየ ሁሉ ይገረም ነበር። «አበድረውኛል» ይሉ ነበር ሲጠየቁ፤ ምን እንደሆነ አይናገሩም።

ቅዳሜ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ የያን ጊዜ ተማሪዎች ሰባት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ አነሳሁት። ያን ቀን ማን ነው የመለሰው ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ጫልቱ «እኔማ ከፍርሃት የተነሳ ቀሚሴ ርሶ ነበር፤ ድምፅ ከየት ይወጣኛል?» አለች። ሌሎቹም አይደለሁም አሉ። ሁሉም ድምፁን ያስታውሳሉ።

የመጨረሻው ተማም ነበር። አንድ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር ይቀመጥ የነበረ፣ ዛሬ የመኪና ጥገና ቤት ያለው፣ የማይቀልድ ሰው ነው። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ምን ትጠይቂናለሽ?» አለ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የመለስሽው?»

«እኔማ ቤት ታምሜ ተኝቼ ነበር፣ ተማም።»

«ኧረ ዋላሂ፣ ከጎኔ ነበርሽ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰሽ። ልትነሺ ስትይ ደብተሬ ወድቆ አንስተሽ ሰጥተሽኛል እኮ።»

እኔ ያን ቀን ቀሚሱን የት እንዳየሁት አውቃለሁ። ከተኛሁበት ፊት ለፊት፣ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ለተማም ግን አልነገርኩትም። ጫልቱ እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ፤ ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆምን።

እትዬ፣ የሆነውን እንዳለ ጽፌዋለሁ። አሁን ደግሞ በሕይወት ሳሉ ሊወጣኝ ያልቻለውን ልንገርዎት።

ካድሬው የመጣው በእኔ ነው። በዚያ ጥር፣ ከመታመሜ ከሳምንት በፊት፣ ቧንቧው ጋ ለጫልቱ ነገርኳት። «እኔ ዘቢባ አይደለሁም፤ ሰናይት እባላለሁ፤ ከሸቤ ነው የመጣሁት» አልኳት። ማንም የማይነካኝ ልጅ ሆኜ መኖር ከበደኝ። አንድ ሰው እንዳይፈራኝ ፈለግሁ። እሷ ለእናቷ ነገረች፤ ወሬው ከእናቷ ወደ ማን እንደሄደ አላውቅም። እርስዎ በር ላይ ትተሽው ውጪ ያሉኝን ስም ይዤው ወጣሁ። በእኔ ምክንያት ሊወስዱዎት ይችሉ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት በረንዳዎ ላይ ተቀምጬ ሻይዎን እየጠጣሁ ይህን መናገር አቃተኝ። እርስዎም ከማን እንደወጣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ያውቁ ነበር መሰለኝ።

ይቅር ይበሉኝ። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የተሸከሙትን አሁን ያውርዱት። ከእንግዲህ በርዎን የሚያንኳኳ፣ መዝገብዎን የሚያስከፍት፣ ምን ታውቂያለሽ የሚልዎት የለም። አፈርዎ ይቅለልዎት፣ እትዬ። ስሜ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ እርስዎ ይረፉ።